ምክንያቱ የት ተጻፈ?

ጃንዋሪ 31 ቀን 2017 ምሽት ላይ የጊትላብ መሐንዲሶች ከዳታቤዛቸው ጋር ትግል ገጥመው ነበር። (በዚህ ምዕራፍ ያሉት ዓመታትና ቀናት፣ ካልተገለጸ በቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ጊትላብ በዓለም ዙሪያ ያሉ ፕሮግራመሮች ኮዳቸውን የሚያኖሩበት አገልግሎት ነው። የዚያን ቀን ዋናው ዳታቤዝ ጫና በዝቶበት፣ ከእሱ እየቀዳ የሚከተለው ተጠባባቂ ወደ ኋላ ቀርቶ ነበር። አንድ መሐንዲስ ተጠባባቂውን እንደ አዲስ ለማስነሳት ትእዛዝ ሰጠ። መልስ የለም። ደገመው። አሁንም መልስ የለም። ትእዛዙ የሚሠራውን ሁሉ እየዘረዘረ እንዲያሳይ ቢጠየቅም አንዲት ጠቃሚ መስመር አላወጣም።

መሐንዲሱ ከቀደሙት ሙከራዎች የተረፈ ነገር እንቅፋት ሆኖ ይሆናል ብሎ አሰበ። የተጠባባቂውን የዳታ ማኅደር ለማጥፋትም ትእዛዝ ጻፈ። አንድ ሁለት ሰከንድ ካለፈ በኋላ የሚሠራው በተጠባባቂው ላይ ሳይሆን በዋናው ሰርቨር ላይ መሆኑን አየ። ወዲያው ቢያቆመውም ከ300 ጊጋባይት ገደማ የተረፈው 4.5 ጊጋባይት ያህል ብቻ ነበር። ወደ ባካፑ ሲሮጡ፣ በየቀኑ ይወሰዳል የተባለው ባካፕ በሶፍትዌር ስሪቶች አለመጣጣም ሳይሠራ ከርሟል፤ መክሸፉን የሚናገሩት ኢሜይሎችም ለማንም አልደረሱም። በመጨረሻ ያዳናቸው ያው መሐንዲስ ለሌላ ሥራ ብሎ ከስድስት ሰዓት በፊት በእጁ የወሰደው ቅጂ ነው። በመሃል የነበረው ግን አልተመለሰም፤ 5,000 ያህል ፕሮጀክቶች፣ 5,000 ያህል አስተያየቶችና 700 ያህል አዲስ የተጠቃሚ መለያዎች ጠፉ።

ስለዚህ ምሽት ሲወራ ሁሉም የሚያነሣው የተሰረዘውን ማኅደር ነው። ለዚህ ምዕራፍ የሚበጀው ግን ከስረዛው በፊት ያለው ነገር ነው። ያ መልስ አልሰጥ ያለ ትእዛዝ አልተበላሸም ነበር። ዋናው ዳታቤዝ መረጃ መላክ እስኪጀምር ድረስ ምንም ሳይናገር መጠበቅ የተለመደ ጠባዩ ነው። ይህንን የሚያውቅ ሌላ መሐንዲስ በድርጅቱ ውስጥ ነበር፤ በሰዓቱ ግን ሥራ ላይ አልነበረም። ድርጅቱ በኋላ ለሕዝብ ይፋ ባደረገው ዘገባ እንደተናገረው፣ ጉዳዩ በራሳቸው የአሠራር መመሪያም ሆነ በመሣሪያው ኦፊሴላዊ ሰነድ ላይ በግልጽ አልተጻፈም። «ይህ ትእዛዝ ለደቂቃዎች ምንም ላያሳይ ይችላል፤ አልቆመም፤ ጠብቁ» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ቢኖር ኖሮ ሰውዬው እጁን ይሰበስብ ነበር ብዬ አምናለሁ።

ስለ ዶክመንቴሽን ሲነሣ አብዛኛው ፕሮግራመር ፊቱን የሚያጨፈግገው፣ ነገሩን ከሥራው በኋላ ለአለቃ ሲባል የሚሞላ ወረቀት አድርጎ ስለሚያየው ነው። የሰነድ እውነተኛ አንባቢ ግን አለቃ አይደለም። ደክሞት፣ ሰዓቱ መሽቶበት፣ ደንበኛ እየጮኸበት፣ የሚያውቀው ሰው ስልክ ሳያነሣለት ማያ ገጹ ላይ ያፈጠጠ አንድ ባልደረባ ነው። ይህንን ሰው ፊት ለፊት አስቀምጦ የሚጽፍ ሰው ምን መጻፍ እንዳለበት አይጠፋውም። የተበላሸ መስሎ ግን ደኅና የሆነውን ይጽፍለታል፤ ደኅና መስሎ ግን የተበላሸውንም ይጽፍለታል። አዝራሩ ሰማያዊ መሆኑን መጻፍ አያስፈልገውም፤ ያንን ማንም ያየዋል።

ኮዱ ራሱ ሰነድ ነው የሚሉ አሉ። በግማሽ እውነት ነው። ኮድ ምን እንደሚሠራ ከማንም በላይ በትክክል ይናገራል፤ ለምን እንደዚያ እንደሚሠራ ግን አንድ ቃል አይተነፍስም። የዴንማርኩ የኮምፒውተር ሊቅ ፒተር ናውር በ1985 ባሳተመው ጽሑፍ ፕሮግራም መጻፍ ማለት በዋናነት በሠሪዎቹ አእምሮ ውስጥ አንድ ግንዛቤ መገንባት ነው ሲል ተከራክሯል። በእሱ አመለካከት ኮዱ የዚያ ግንዛቤ ውጤት ብቻ ነው፤ ግንዛቤውን የያዘው ቡድን ሲበተን ፕሮግራሙ ኮምፒውተር ላይ እየሠራም ቢሆን ሞቷል። ናውር ከዚህም አልፎ ግንዛቤው በጽሑፍ ሙሉ በሙሉ ሊተላለፍ አይችልም ይላል። አዲስ ሰው ከነባሮቹ ጋር አብሮ ተቀምጦ መሥራት አለበት።

በዚህ በመጨረሻው ሐሳብ ከናውር ጋር ብዙም አልጣላም። አንድ ነገር ግን እጨምራለሁ፦ ከግንዛቤው ውስጥ በቀላሉ የሚጻፍና ሳይጻፍ ሲቀር ደግሞ ቶሎ የሚጠፋ አንድ ክፍል አለ፤ እሱም ምክንያት ነው። አንድ የክፍያ ሥርዓት ከባንኩ መልስ ለመቀበል 40 ሰከንድ ይጠብቃል እንበል። ከሁለት ዓመት በኋላ የመጣ ፕሮግራመር ቁጥሩ በዝቶበት ወደ 10 ያወርደዋል፤ በማግስቱ ደንበኞች ለአንድ ዕቃ ሁለት ጊዜ ከፈልን ይላሉ። ቁጥሩ 40 የሆነበትን ቀን ብናስታውስ፣ ኮዱ የለውጦችን ታሪክ ወደሚይዘው ወደ ጊት ሲገባ አብሮት የተጻፈው የኮሚት መልእክት «ማስተካከያ» የሚል ብቻ ነበር። እንዲህ ሊጻፍ ይችል ነበር፦

«የባንክ መልስ መጠበቂያን ከ10 ወደ 40 ሰከንድ ከፍ ማድረግ። ደመወዝ በሚከፈልባቸው ቀናት ባንኩ እስከ 35 ሰከንድ ይዘገያል። ቶሎ ካቋረጥን ክፍያው አልተሳካም ብለን ደንበኛውን ደግመን እናስከፍላለን። ባንኩ የክፍያ መለያ ቁጥር መላክ ሲጀምር ይህ ወደ 10 መመለስ ይችላል።»

ይህንን ለመጻፍ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም፤ ምክንያቱም ጸሐፊው በዚያች ሰዓት ሁሉንም ያውቀዋል። ከወር በኋላ ግማሹን ይረሳዋል፤ ከዓመት በኋላ ቁጥሩን ማን እንደቀየረው ሲያይ የራሱን ስም አግኝቶ ይደነቃል። የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ልብ በሉልኝ። ውሳኔው መቼ ሊቀየር እንደሚችል ትናገራለች፤ ቀጣዩ ሰው የነባሮቹን ኮድ እንደ ታቦት ከመፍራት ያወጣዋል። የሊኑክስ ከርነል ፕሮጀክት በሺዎች የሚቆጠሩ፣ ብዙዎቹ ፊት ለፊት ተገናኝተው የማያውቁ ሰዎችን አስተባብሮ ይሠራል። ለውጥ የሚልክ ሁሉ መጀመሪያ ችግሩን እንዲገልጽ፣ ቀጥሎ ለምን ይህንን መፍትሔ እንደመረጠ እንዲያስረዳ በመመሪያው ይጠየቃል። ጊትም እ.ኤ.አ. በ2005 የተወለደው ለዚሁ ፕሮጀክት ነው።

ከአንድ ኮሚት የሰፉ ውሳኔዎችም አሉ፦ የትኛውን ዳታቤዝ እንጠቀም፣ ሥርዓቱን አንድ አድርገን እንሥራው ወይስ እንከፋፍለው የሚሉት። ለእነዚህ ማይክል ናይጋርድ በ2011 ቀላል ዘዴ አቅርቧል። እያንዳንዱ ትልቅ ውሳኔ ከኮዱ ጋር በሚቀመጥ አጭር ፋይል ይጻፋል፤ ፋይሉም የውሳኔውን ርእስ፣ ሁኔታው ምን እንደነበር፣ ምን እንደተወሰነ፣ ውሳኔው ምን እንደሚያስከትልና አሁንም የጸና ወይም የተሻረ መሆኑን ይይዛል። ውሳኔው ሲቀየር አሮጌው ፋይል አይሰረዝም፤ ተሽሯል ተብሎ ይቀመጣል፣ አዲሱ ይጨመራል። እኔ በተለይ የምወደው ያልተመረጡትን አማራጮች ከነምክንያታቸው መጻፍን ነው። ቡድኖች ከዓመት ዓመት ያንኑ ክርክር ከዜሮ የሚጀምሩት ባለፈው ጊዜ ምን እንደወደቀና ለምን እንደወደቀ ማንም ስላልያዘው ነው።

እስካሁን ያልኩትን የሰማ ሰው፣ ሁሉም ነገር ከተጻፈ ችግሩ ያልቃል ብሎ ሊደመድም ይችላል። የማርስ ታሪክ ይህንን ድምዳሜ ያፈርሰዋል።

የናሳ ማርስ ክላይሜት ኦርቢተር ዲሴምበር 1998 ተወንጭፎ ሴፕቴምበር 23 ቀን 1999 ማርስ ደረሰ፤ ከፕላኔቷ ጀርባ እንደዞረም ድምፁ ጠፋ። ከማርስ ወለል 226 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ እንዲያልፍ ነበር የታቀደው። በኋላ ሲሰላ ወደ 57 ኪሎ ሜትር ወርዶ ከባቢ አየሩ ውስጥ ገብቷል። ምክንያቱ አሁን በየትምህርት ቤቱ ይነገራል። መንኮራኩሩን የሠራው ሎክሂድ ማርቲን መሬት ላይ ይጠቀምበት የነበረ ሶፍትዌር የትናንሾቹን ሞተሮች ግፊት በፓውንድ ለክቶ ይልካል፤ የናሳ አቅጣጫ ተቆጣጣሪዎች ሶፍትዌር ደግሞ ቁጥሩን በኒውተን የተለካ አድርጎ ይቀበላል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት 4.45 እጥፍ ነው።

ብዙ ጊዜ የማይነገረው ግን ሰነዱ መኖሩ ነው። በሁለቱ ሶፍትዌሮች መካከል የሚለዋወጠው ፋይል በምን መለኪያ እንደሚጻፍ የሚደነግግ ሰነድ ነበር፤ በኒውተን ይሁን ይላል። በትክክል ተጽፏል፣ ጸድቋል፣ በቦታው ተቀምጧል። የጎደለው የሚወጣው ፋይል ሰነዱ ያለውን መከተሉን የሚፈትሽ ነው። የሚያሳዝነው ቀጣዩ ነው። አቅጣጫ ተቆጣጣሪዎቹ መንኮራኩሩ ገና በጉዞ ላይ ሳለ ቁጥሮቹ እንዳልገጠሙ አስተውለዋል። ሥጋታቸውን በኢሜይል ጻፉ፤ ተነጋገሩበትም። ነገር ግን ናሳ ላልተጠበቁ ክስተቶች ያዘጋጀው፣ ተከፍቶ መልስ እስኪያገኝ የማይዘጋ መደበኛ መዝገብ ነበረው፤ ሥጋቱ እዚያ አልገባም። ኢሜይል ሲላክ ላኪው የነገረ ይመስለዋል፤ ተቀባዩ ደግሞ ሌላ ሰው የያዘው ይመስለዋል። በመሃል ባለቤት የሌለው ጥያቄ ዘጠኝ ወር ሙሉ ከተጓዘ መንኮራኩር ጋር አብሮ ተጓዘ።

ባለቤት የሌለው መልእክት ምን ያህል ከንቱ እንደሆነ ለማየት የናይት ካፒታልን ማለዳ ማስታወስ ይበቃል። ኦገስት 1 ቀን 2012 ይህ የአሜሪካ የአክሲዮን ንግድ ድርጅት አዲስ ኮድ ከስምንት ሰርቨሮቹ ሰባቱ ላይ ብቻ ጭኖ ነበር፤ በስምንተኛው ላይ ለዓመታት ሥራ ላይ ያልዋለ አሮጌ ኮድ ነቃ። በ45 ደቂቃ ውስጥ ከ460 ሚሊዮን ዶላር በላይ ከሰሩ። የአሜሪካ የአክሲዮን ገበያ ተቆጣጣሪ እንዳረጋገጠው፣ የተጫነውን ኮድ ሁለተኛ ሰው እንዲያየው የሚያዝ የተጻፈ አሠራር አልነበራቸውም። ገበያው ከመከፈቱ በፊት ደግሞ ሥርዓቱ ስህተቱን የሚጠቅሱ 97 ኢሜይሎች ለሠራተኞች ልኳል። እነዚያ ኢሜይሎች እንደ ማስጠንቀቂያ የታሰቡ አልነበሩም፤ ሰዎቹም የማንበብ ልማድ አልነበራቸውም። ስለዚህ ቡድናችሁ ውስጥ ማስጠንቀቂያ የሚልክ ነገር ካለ ስሙ የታወቀ ተቀባይ ይኑረው፤ ተቀባይ ከሌለው ይጥፋ።

የማርሱ ዓይነት ስህተት አዲስ አበባ ላይ ለመሥራት መንኮራኩር አያስፈልግም። «ነገ 3 ሰዓት ላይ አዲሱን ኮድ ሰርቨር ላይ እንጭናለን» የሚል መልእክት በቴሌግራም ግሩፕ ላይ ቢጻፍ፣ ላኪው ከጠዋቱ 3 ሰዓት ማለቱ ይሆናል። ይህ በስልኩ ሰዓት 9፡00 ነው። አብዛኛውን ጊዜ በዓለም አቀፉ ሰዓት በሚመዘግበው ሰርቨር ላይ ደግሞ 6፡00 ሆኖ ይገባል። አንዱ ቅጽበት ሦስት ቁጥር አለው፤ ውጭ አገር ሆኖ ከቡድኑ ጋር የሚሠራው ባልደረባ አራተኛ ይጨምራል። ቀንም እንዲሁ ነው። በዳታቤዝ ውስጥ «2/1/2017» የሚል የተመዘገበ ቀን ብታገኙ፣ መስከረም 2 ቀን 2017 ዓ.ም. ከሆነ በአውሮፓ አቆጣጠር ሴፕቴምበር 12 ቀን 2024 ነው፤ በአውሮፓ አቆጣጠር የተጻፈ ከሆነ ደግሞ ጃንዋሪ 2 ወይም ፌብሩዋሪ 1 ቀን 2017 ሊሆን ይችላል። ፎርሙን የሠራው ሰው የትኛውን እንዳሰበ ካልጻፈ፣ ከሦስቱ የትኛው እንደሆነ ከዳታው ብቻ ማወቅ አይቻልም። ጳጉሜንን የማያውቅ ፕሮግራምስ 13ኛውን ወር ምን ያደርገዋል? ስለዚህ ለእንዲህ ያለ ሥርዓት የሚጻፈው የመጀመሪያው ሰነድ ግማሽ ገጽ ቢሆን ይበቃዋል፦ ቀን በየትኛው አቆጣጠር ይቀመጣል፣ ለተጠቃሚ በየትኛው ይታያል፣ ሰዓት በየትኛው ይነገራል። ከዚያም ደንቡን ኮዱ ራሱ ይፈትሸው፤ ማርስ ላይ የቀረው ይህ ነውና።

ሌላም የእኛ የሆነ ጉዳይ አለ። አዲስ አበባ ውስጥ ባሉ ብዙ ቡድኖች ክርክሩ በአማርኛ፣ ጽሑፉ በእንግሊዝኛ ነው። ቡና ላይ ሁለት ሰዎች ግማሽ ሰዓት ተከራክረው የደረሱበት ጥልቅ ምክንያት፣ ወደ ሥራ መከታተያው ቲኬት ሲገባ ሦስት ቃል የእንግሊዝኛ ርእስ ይሆናል፤ የቀረው እዚያው ቡናው ላይ ይቀራል። የሚያነበው ሁሉ አማርኛ የሚያውቅ ከሆነ ምክንያቱን በአማርኛ መጻፍ ምን ነውር አለው? ጊት የግእዝ ፊደልን ያለ ችግር ይይዛል። የውጭ ደንበኛ ወይም ባልደረባ ካለ በእርግጥ እንግሊዝኛው ግድ ነው፤ ያኔም ቢሆን መጀመሪያ በሚያስቡበት ቋንቋ ጽፎ ኋላ መመለስ፣ ምክንያቱን ከመተው ይሻላል። ቴሌግራምን በተመለከተ፣ ለመነጋገር ጥሩ ቦታ ነው፤ ለመወሰን ግን አይሆንም። እዚያ የተወሰነ ነገር በዚያው ቀን ወደ ቲኬቱ ወይም ወደ ውሳኔ ፋይሉ ካልተዛወረ፣ ከሳምንት በኋላ በሠርግ ፎቶና በእንኳን አደረሳችሁ መልእክት ሥር ተቀብሮ ይገኛል።

ታላቅን ማክበር ያደግንበት ነው፤ መልካምም ነው። ስብሰባ ላይ ግን ዋጋ ያስከፍላል። አንጋፋው መሐንዲስ ንድፉን ካቀረበ በኋላ፣ ከስድስት ወር በፊት የተቀጠረችው ልጅ ቀዳዳውን ብታየውም «ጋሼ፣ ይቺ አትሠራም» ለማለት ይከብዳታል። ጽሑፍ እዚህ ላይ ይረዳል። አማዞን ውስጥ ጄፍ ቤዞስ በ2004 የስላይድ ገለጻን ከከፍተኛ አመራሩ ስብሰባ አስወጥቶ በሙሉ ዓረፍተ ነገር የተጻፈ፣ እስከ ስድስት ገጽ የሚደርስ ሰነድ ተክቶበታል፤ ስብሰባው የሚጀምረውም ሁሉም ተቀምጦ በጸጥታ በማንበብ ነው። ሁሉም ያንኑ ካነበበና ጥያቄውን ኅዳጉ ላይ ከጻፈ፣ የልጅቷ ጥያቄ ከአንጋፋው ጥያቄ ጋር እኩል ተሰልፎ ይገኛል። አንጋፋውም በሰው ፊት ሳይሆን በወረቀት ላይ ስለሚታረም ቅር አይለውም። ስድስት ገጽ የግድ አይደለም፤ ለአብዛኛው ቡድን አንድ ገጽ ይበቃል።

እንዲህ ሲባል የሚመጣው ፍርሃት «ገና አልበሰለም፣ እንዴት ልጻፈው?» የሚል ነው። ኢንተርኔት የተሠራው በዚህ ፍርሃት ላይ በተነሡ ወጣቶች ነው። በ1969 የኢንተርኔት መነሻ የሆነውን የአርፓኔትን ሥራ የጀመሩት የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ሐሳባቸውን በማስታወሻ ሲለዋወጡ፣ ስቲቭ ክሮከር ማስታወሻዎቹን «የአስተያየት ጥያቄ» ብሎ ሰየማቸው፤ ስሙ ትእዛዝ እንዳይመስልና ማንም ለመመለስ እንዳይፈራ። የመጀመሪያው ኤፕሪል 7 ቀን 1969 ወጣ። በሦስተኛው ማስታወሻ ላይ ደንቡን ሲያስቀምጥ ከማማር ይልቅ በጊዜው መድረስ እንደሚበልጥና አንድ ዓረፍተ ነገርም እንደሚበቃ ጻፈ። ዛሬ ኮምፒውተሮች የሚነጋገሩባቸው ብዙዎቹ ደንቦች በዚያው ተከታታይ ቁጥር ሥር የሚገኙ ሰነዶች ናቸው።

የቀረው ጥያቄ ከባድ ነው፦ የጊትላብን የመሰለች፣ አንዲት የምታድን ዓረፍተ ነገር የትኛዋ እንደሆነች አስቀድሞ እንዴት ይታወቃል? በመገመት አይታወቅም፤ በመለማመድ እንጂ። በጁላይ 1969 መጀመሪያ፣ አፖሎ 11 ከመነሣቱ ጥቂት ቀናት ቀደም ብሎ፣ ሂውስተን ውስጥ በተደረገ ልምምድ የጨረቃ መንኮራኩሩ ኮምፒውተር ያልተጠበቀ የማስጠንቀቂያ ቁጥር አወጣ። የመንኮራኩሩን አቅጣጫና ኮምፒውተር ከምድር የሚከታተለው ስቲቭ ቤልስ ምን ማለት እንደሆነ ስላላወቀ ማረፉ እንዲቋረጥ አደረገ፤ ማቋረጥ አያስፈልግም ነበር። የበረራ ዳይሬክተሩ ጂን ክራንዝ ማንንም ከመውቀስ ይልቅ ሊመጡ የሚችሉ የማስጠንቀቂያ ቁጥሮች ሁሉ ከሚወሰደው እርምጃ ጋር እንዲጻፉ አዘዘ። የ24 ዓመቱ መሐንዲስ ጃክ ጋርማን ዝርዝሩን በእጁ ጻፈ። ጁላይ 20 ሰዎቹ ወደ ጨረቃ ሲወርዱ 1202 የሚል ማስጠንቀቂያ ታየ፤ ጋርማን ዝርዝሩን ይዞ ስለነበር፣ በተደጋጋሚ ካልመጣ ይቀጥሉ የሚለው መልስ በሰከንዶች ውስጥ ለቤልስ ደረሰው።

አንድ ትንሽ ቡድንም ይህንን ማድረግ ይችላል። በየሩብ ዓመቱ አንድ ከሰዓት ይመደብ፤ የሙከራ ዳታቤዝ ሆን ተብሎ ይጥፋ፤ ከባካፕ የሚመልሰውም ሥርዓቱን የሠራው ሰው ሳይሆን ሠርቶት የማያውቅ ሰው ይሁን፤ መመሪያውን ብቻ ይዞ። የሠራው ሰው አጠገቡ ይቀመጥ፤ አፉን ግን ይዝጋ። ጀማሪው የቆመበት ቦታ ሁሉ፣ «እዚህ ጋ ምን ልጠብቅ?» ያለበት ቦታ ሁሉ፣ የጎደለ ዓረፍተ ነገር ያለበት ቦታ ነው፤ ያንን ከሰዓት ሳያልቅ እሱ ራሱ ይጻፈው። አዲስ ሠራተኛ ሲመጣም እንዲሁ። በመጀመሪያው ሳምንት ኮምፒውተሩን በሰነዱ ብቻ እያዘጋጀ፣ ያልሠራለትን መስመር እያረመ፣ የመጀመሪያ ኮሚቱ ያ እርማት ይሁን። ከወር በኋላ ይህንን ሥራ ከእሱ መጠየቅ አይቻልም፤ ያኔ ነባሮቹ የሚያውቁትን ሁሉ አውቆ፣ እነሱ የማያዩትን ክፍተት እሱም ማየት ያቆማል።